ፍሎሪዝን ማን ወሰዳት?

ሰኞ ጠዋት በላ ሰሬን ደሴት ከሚገኘው የኤሊዎች ግቢ አንዲት ኤሊ ጠፋች። ወሬውን ወደ ቢሮዬ ይዞ የገባው ኮንስታብል ቤንዋ ነው። ሳቁን በግድ ውጦት ነበር።

«አለቃ፣ ስርቆት ነው።»

«ምን ተሰረቀ?»

«ኤሊ።»

«ግልገል?»

«ኧረ የምን ግልገል! አራት ጎረምሳ በግድ የሚያነሳት ባልቴት ናት። ማንቸስተር ላይ ስለ ኤሊ ሌባ አስተምረዋችኋል?»

አላስተማሩንም። ቤንዋ በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ «አለቃ» የሚለኝ ግማሹን በአክብሮት፣ ግማሹን በቀልድ ነው። ጎረቤት ደሴት ፕራላን ላይ ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም ውጭ ብዙ ስለቆየሁ፣ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ በቋንቋችን በክሪዮል ሲያናግረኝ ረጋ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ ጆሮዬ የደነቆረ ይመስል። እኔም አንዳንድ ጊዜ እውነታቸውን ይሆን እላለሁ።

የፖሊስ ጀልባዋ ላ ሰሬን ስትደርስ አንድ ረጅም ወጣት ቆቡን በእጁ ይዞ አሸዋው ላይ ቆሞ ነበር። የግቢው ጠባቂ ጄርቬ ኡራኒ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ፍሎሪዝ ናት» አለኝ፤ ሰላምታውንም ረስቶት። «ከሁሉም ፍሎሪዝ ናት የጠፋችው።»

* * *

ግቢው በዝቅተኛ የድንጋይ አጥር የተከበበ ነው። ያለው አንድ የእንጨት በር ብቻ ሲሆን የሚዘጋውም በገመድ ነው። ኤሊዎቹ እዚህም እዚያም በተካማካው ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድመዋል፤ አንዱ አንገቱን አውጥቶ አየኝና መልሶ ተኛ።

«በሩ ተሰብሮ ነበር?» አልኩት።

«የለም። ታስሮ ነው ያገኘሁት። እኔ እንደማስረው።»

ንጋት ላይ ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ላይ ዱካ አልነበረም። ያን የሚያህል ፍጥረት ቢጎተት ግን ሣሩ ይነቀላል፣ የአጥሩም ድንጋይ ይፋቃል። ጎንበስ ብዬ ዞርኩት። አንድም የተነቀለ ሣር አላየሁም።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃት መቼ ነው?»

«እሑድ ማታ ስቆጥር።» ቶሎ ብሎ ነው የመለሰው። «ሁሉም ነበሩ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ነበሩ አልኩዎት እኮ!»

ቤንዋ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን እያየ «እንግዲህ በሌሊት፣ በጀልባ፣ በአራት ሰው ሸክም» አለ። «እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።»

ሌባ የሰረቀበትን በር መልሶ አስሮ መሄዱ ግር አለኝ። ሌሎቹ ኤሊዎች እንዳይወጡ የተጨነቀ ይመስላል። ነገሩን ግን ያኔ አልገፋሁበትም፤ የሌሊት ጀልባ ፍለጋው ቀልቤን ይዞት ነበር።

* * *

የኤሊ ጥበቃ ጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ፓዬት የዋናዋ ደሴት የማሄ ሰው ናቸው፤ ሸሚዛቸው በዚያ ሙቀት እንኳ አይጨማደድም። ወንበር ሳይሰጡኝ ነው የጀመሩት።

«ዓርብ ዕለት መርከብ ይመጣል። ሦስት ሴት ኤሊዎች ወደ ኢል ሻርሎት እንልካለን። ድሮ መርከበኞች እዚያ የነበሩትን ኤሊዎች በልተው ጨረሷቸው፤ ከዚያ ወዲህ ደሴቷ ላይ ደኑ ራሱ መልኩን ለወጠ። ኤሊ ሲኖር ዘር ይበተናል፣ ቁጥቋጦው ይበላል፣ መንገድ ይከፈታል። አምና ጥቂት ወንዶች ላክን። አሁን ተራው የሴቶቹ ነው። ፍሎሪዝ ደግሞ ከሁሉም በላይ እንቁላል የምትጥለዋ ናት።»

«ሦስቱ መመረጣቸውን ማን ያውቃል?»

«ቅዳሜ ዕለት እኔ ራሴ ጀርባቸው ላይ ቀይ ቀለም ቀብቻለሁ። ዓይን ያለው ሁሉ ያያል።»

«ለምን እንደተቀቡስ?»

«ለሠራተኞቹ ነግሬያለሁ። ለደሴቱ ሰው ሁሉ ስብሰባ መጥራት ነበረብኝ?» ፊታቸው ጠቆረ። «ኢንስፔክተር፣ ብዙ አይድከሙ። ቅዳሜ የሚያገባ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ አለ። ሱቁ ሄደው ይጠይቁ፤ ምን እንዳለ ይነግሩዎታል።»

* * *

ወደ ሱቁ ስንሄድ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፍን። በሩ ክፍት ስለነበር ዓይኔን ወደ ውስጥ ጣል አደረግሁ፤ ልማድ ነው። መሠዊያው ላይ ሁለት የአበባ ማሰሮዎች ባዶአቸውን ቆመዋል። ቤንዋ አማተበና አለፍን።

ሱቁ ደጃፍ ሦስት ሽማግሌዎች ዶሚኖ ይጫወታሉ። ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ሚስማር የሚመቱ ነው የሚመስለው። ትልቁ ቶንቶን ፊሊቤር ይባላል፤ ቶንቶን ማለት በእኛ ዘንድ ለታላቅ ሰው «አጎቴ» እንደማለት ነው፤ ለሴት ሲሆን «ማታንት» እንላለን።

«ቶንቶን፣ ጄርቬ ስለ ሠርጉ ምን አለ?»

ሦስቱም ተያዩ።

«ቀልድ ነው እኮ ልጄ» አለ ፊሊቤር።

«ቀልዱን ይንገሩኝና እኔም ልሳቅ።»

«ቅዳሜ ማታ ነው። እኔ ነኝ የጀመርኩት። ‹ጄርቬ፣ ለሠርግህ የትኛዋን ነው የምናርደው?› አልኩት። እሱም ‹ወፍራሟን! ፍሎሪዝን! ድስት አምጡ!› አለ። ሱቁ በሙሉ ሳቀ።»

«የእናንተ ዘመን ቀልድ ነው» አለ ቤንዋ።

«የእኛ ዘመንማ ቀልድ አልነበረም!» አለ ሌላው ሽማግሌ። «ሴት ልጅ ስትወለድ አባቷ ትንሽ ኤሊ ያመጣል። አብረው ያድጋሉ። ልጅቱ ስታገባ ኤሊዋ ለድግሱ ትታረዳለች። የእኔዋን ሚስት ጠይቃት፤ ሠርጋችን ላይ ስታለቅስ የዋለችው እናቷን ስለተለየች መሰለህ?»

«አሁን ሕግ ነው፤ ማንም አይነካቸውም» አለ ፊሊቤር። «ጄርቬ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አንዷ ካስነጠሰች እሱ መድኃኒት ይውጣል።»

«ሱቁ ውስጥ ማን ነበር?»

«ማን ያልነበረ አለ? እኛ፣ የኮሎ ልጆች ከዓሣ ማጥመድ ተመልሰው፣ አባ ማርሴል ክብሪት ሊገዙ፣ ማታንት ኤርሚን ሳሙና ልትገዛ፣ የሙሽራዋ የናዴዥ ወንድሞች…»

የዚያን ቀን ከሰዓት የኮሎ ልጆችን ጀልባ ፈተሽኩ። የዓሣ ቅርፊትና የተበጠሰ መረብ ብቻ ነበር። ትልቁ ልጅ «ኢንስፔክተር» አለኝ፣ «ይቺ ጀልባ ፍሎሪዝን ብትጭን አሁን የምንነጋገረው ከባሕር ሥር ነበር።» ጀልባዋን አየኋት። እውነቱን ነው።

* * *

የጄርቬ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ከድስቶች ሁሉ ትልቁ ተጥዷል። የቅርንፉድና የቀረፋ ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለን። ክዳኑን አነሳሁት። ጥቁር ሥጋ ነው፤ አጥንቱ ብዙ።

ጄርቬ ከኋላዬ ቆሞ «የሠርጉ ነው» አለ። «ለቅምሻ።»

«የምን ሥጋ ነው?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ቤንዋ ማንኪያ አንስቶ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ።

«የሌሊት ወፍ ነው» አለ። «ትንሽ ጨው ያንሰዋል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አለቃ፣ የእናቴ ካሪ ወጥ ይጥፋኝ? አጥንቱን ይዩት፤ መርፌ ነው። ኤሊ እንዲህ አይወጋም።»

ጄርቬ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«የሌሊት ወፎቹን መቼ ነው ያጠመድከው?» አልኩት።

«ቅዳሜ…» ቆም አለ። «ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ ማታ ሱቅ ውስጥ ነበርክ።»

«ከዚያ በፊት።»

የሌሊት ወፍ የሚጠመደው ሲመሽ፣ ከዛፍ ዛፍ መብረር ሲጀምር ነው። ይህንን የፕራላን ሕፃን ያውቃል፤ እኔም አልረሳሁትም። እሱ ወለሉን አየ። ሰውየው እየዋሸ ነበር፤ ምን ለመደበቅ እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። የማሄው የበላይ አለቃዬ ነበር። ዶክተር ፓዬት ቀድመውኝ ደውለዋል። «ጠባቂው ሱቅ ውስጥ አርዳታለሁ ብሏል፣ ሠርግ አለበት፣ ኤሊዋ የለችም። ምን ቀረሽ? ነገ በማታው ጀልባ ማሄ አምጪው።»

«ጌታዬ፣ ኤሊዋን አላገኘንም እኮ።»

«በልተዋታል፣ እንዴት ትገኛለች?»

ላ ሰሬን ላይ እስር ቤት የለም። የሚቆለፍ ክፍል ያለው የጥበቃ ጣቢያው ብቻ ነው፤ እሱም ከእንቁላል የወጡ ግልገል ኤሊዎች የሚያድጉበት ክፍል ነው። ጄርቬን እዚያ አስገብቼ ስቆልፍ ግልገሎቹ መዳፍ የማይሞሉ፣ ድምፁን የለመዱ፣ እየተንከባለሉ ወደ እግሩ መጡ። አንዷን አንስቶ ደረቱ ላይ አስቀመጣት።

«ሠርጌ ቅዳሜ ነው» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት ናዴዥ መጣች። አጭር ናት፤ ንዴቷ ግን በሩን ሞላው።

«አንቺ ነሽ ሙሽራዬን ከኤሊ ግልገል ጋር ያሰርሽው?»

«እኔ ነኝ። ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም! ቀሚሴ ማሄ ተሰፍቶ መጥቷል፣ አክስቶቼ ከሐሙስ ጀምሮ ይገባሉ፣ አንቺ ደግሞ ባሌን ነፍሰ ገዳይ አድርገሽዋል!»

«ነፍሰ ገዳይ አላልኩም።»

«ፍሎሪዝን ገደለ ማለት ለእሱ ያው ነው!» ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ቀድሞውንስ ውጭ የተማረ ሰው ምን ያውቃል…»

«ናዴዥ» አልኳት፤ ያችን ንግግር እንዳልሰማ አልፌ። «ጄርቬ እየዋሸኝ ነው። ለምን እንደሚዋሽ ካልነገርሽኝ ዛሬ ማታ ይዤው እሄዳለሁ።»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«እሑድ ማታ አልቆጠረም» አለች ቀስ ብላ።

«ምን?»

«ከወንድሞቼ ጋር ኮረብታው ላይ መረብ ይዘረጉ ነበር። ለሠርጉ ካሪ። ጠዋት በማለዳ መኖ ሰጣቸው፤ ከዚያ ቅዳሴ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ምሳ፣ ከዚያ ኳስ። ሁላችንም አብረን ነበርን። ሲመሽ በቀጥታ ወደ ኮረብታው ወጡ። ግቢውን ሰኞ ጠዋት ነው ያየው።»

«ይህን ለመናገር ምን ከለከለው?»

«ይሰማሽ እንደሆነ እንጃ» አለችና ዓይኗን ጠረገች። «አባቱም እዚያው ጠባቂ ነበር። ማታ ማታ ሳይቆጥር የተኛበት ቀን የለም፤ ታሞ እንኳ በሰው ተደግፎ ሄዶ ይቆጥር ነበር። ጄርቬ ሌባ ከመባል ይልቅ ‹ሳይቆጥር አደረ› መባሉን ነው የሚፈራው።»

ነገሩ ተሰማኝ። እንዲህ ዓይነት እፍረት ማንቸስተር ላይ ለማንም አስረድቼ አልጨርሰውም ነበር።

* * *

ወደ ግቢው ብቻዬን ተመለስኩ ማለት ይከብዳል፤ ቤንዋ ሙዝ እየላጠ ከኋላዬ አለ።

እስካሁን የጠየቅሁት ሁሉ እሑድ ሌሊት የት ነበርክ፣ የት ነበርሽ እያልኩ ነው። ፍሎሪዝ ግን እሑድ ሌሊት ከመድረሱ በፊት ጠፍታ ሊሆን ይችላል። በጠራራ ፀሐይ። እሺ፣ በጠራራ ፀሐይ አራት ሰው ያን የሚያህል ሸክም ተሸክሞ እንዴት ሰው ሳያየው ያልፋል?

«አለቃ!» አለ ቤንዋ። «ይሄ ሰውዬ እየተከተለኝ ነው።»

ዞር አልኩ። አንድ ግዙፍ ወንድ ኤሊ ከጥላው ወጥቶ፣ አንገቱን ወደ ሙዙ ዘርግቶ፣ በዚያ ከባድ እግሩ አንድ፣ ደግሞ አንድ እያለ ይመጣል። ቤንዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ኤሊውም ተከተለው። ቤንዋ ወደ በሩ ሄደ። ኤሊውም ወደ በሩ።

«ልስጠው ወይስ ልሩጥ?»

«አትስጠው» አልኩ። «ዝም ብለህ ሂድ።»

ቤንዋ እየተነጫነጨ ግቢውን ዞረው፤ ግዙፉም ከኋላው። አልተጎተተም፣ አልተነሳም፣ አንድም ሣር አልተነቀለም። በጉልበት ሳይሆን በትዕግሥት የተሠራ ስርቆት ነው። አንድ ሰው ይበቃል፤ ኤሊዋ የምታውቀው፣ የምትወደውን ነገር በእጁ የያዘ፣ ቀኑን ሙሉ ጊዜ ያለው ሰው። ሲወጣም ሌሎቹ እንዳይጠፉ በሩን መልሶ የሚያስር።

ደሴቱ በሙሉ ቅዳሴ ላይ፣ ከዚያም ባሕር ዳር በነበረበት እሑድ፣ ያልነበረው ማን ነው?

«ሙዙን ስጠው» አልኩት ለቤንዋ። «ሠርቶበታል።»

* * *

አባ ማርሴል የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ይጠርጉ ነበር።

«አባ፣ እሑድ ከቅዳሴ የቀረ ሰው ነበር?»

«ከእኔ ቅዳሴ የሚቀረውን ሰው ለፖሊስ አልሰጥም፤ ለራሴ ነው የማስቀረው።» ሳቅ አሉና መጥረጊያቸውን አቆሙ። «ሁሉም ነበሩ። ቀብር እንኳ እንዲህ አይሞላም፤ ከቅዳሴው ቀጥሎ ምሳ ነበራ።»

«መሠዊያው ላይ ግን አበባ አልነበረም።»

ፊታቸው ተለወጠ። ባዶዎቹን ማሰሮዎች ዞር ብለው አዩአቸው።

«ማታንት ኤርሚን ናት የምታመጣው። ልጇ ከሞተች ጀምሮ አንድም እሑድ አስታጉላ አታውቅም። ይህን እሑድ ወገቤን አሞኛል ብላ ላከችብኝ።» መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ኢንስፔክተር፣ ወደዚያ ስትሄጂ ቀስ ብለሽ አንኳኪ።»

የማታንት ኤርሚን ቤት ከመንደሩ ጀርባ ነው፤ የቀረፋ ዛፎቹን መሀል ለመሀል አልፎ። መንገዱ ላይ፣ ዝናቡ ባልደረሰበት ቅጠል ሥር፣ የጠወለገ ቀይ የሂቢስከስ አበባ አየሁ። ትንሽ ሄድ ብዬ ሌላ። ግማሹ የተነከሰ። የቤቷ አጥር የሂቢስከስ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ለምልሟል፣ አንዲት አበባ ግን አልቀረችበትም።

ቤንዋ ቆቡን አወለቀ። «እኔ እዚህ ልጠብቅ» አለ።

* * *

ከቤቱ በስተጀርባ ድሮ ኮኮናት የሚደርቅበት፣ አሁን ጣራው ግማሹ የወደቀ የድንጋይ ቤት አለ። ከውስጥ ረጅም የትንፋሽ ድምፅ ሰማሁ፤ የጎማ አየር ቀስ ብሎ ሲወጣ የሚሰማ ዓይነት።

አሮጊቷ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ፍሎሪዝ፣ አንገቷን እስከ መጨረሻው አውጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጉሮሮዋን ታስደባብሳለች።

«ደርሳችሁብኛል» አለች ማታንት ኤርሚን፤ እጇን ሳታቆም። «አንቺ የፕራላኗ ነሽ?»

«አዎ ማታንት። ኤልና እባላለሁ።»

«የማን ልጅ?»

«የላቢሽ። የአናጢው።»

«እህ። አባትሽ ይሄን በር ሠርቷል።» በሩ አሁን የለም። «ልትወስጃት ነው የመጣሽው?»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «መጀመሪያ ለምን እንዳመጧት ይንገሩኝ።»

«አንቺ ትምህርት የተማርሽ አይደለሽም? አይገባሽም?» እጇ ቆመ፤ ፍሎሪዝ ዓይኗን ከፈተች። «ቅዳሜ በግቢው በኩል ሳልፍ ጀርባዋ ላይ ቀይ አየሁ። በእኛ ጊዜ ለሠርግ የምትታረደዋን ቀይ ነበር የምንቀባት፤ ሌላዋ በስህተት እንዳትያዝ። ልቤ ዘለለ። ከዚያ ሱቅ ሄድኩ። ሙሽራው በአፉ ተናገረ። ፍሎሪዝን ነው አለ፣ ድስት አምጡ አለ፣ ሁሉም ሳቁ። አባ እንኳ ፈገግ አሉ።»

«ቀልድ ነበር ማታንት።»

«በዚህ ነገር ይቀለዳል?»

አሮጊቷ እጇን ወደ ፍሎሪዝ ጉሮሮ መለሰች።

«የኤሚሊን ናት» አለች። «ልጄ የተወለደች ዕለት አባቷ በቆቡ ይዟት ነው የመጣው። አብረው ነው የዳሁት፤ የኔ ልጅ ቀድማ ተነሳች እንጂ። ስታገባ ትታረዳለች ስንላት ኤሚሊን ‹እንግዲያውስ አላገባም› ትል ነበር። ኋላ ግን ልጅ ወደደች። ቀሚሷ ተሰፋ። ልትለካው ፕራላን ሄዳ ስትመለስ…» ወደ ባሕሩ አቅጣጫ በአገጯ አመለከተች። «ጀልባዋ ብቻዋን መጣች።»

ፍሎሪዝ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ከዚያ እኔ አቃተኝ። ግቢው ሲከፈት ሰጠኋቸው፤ በየሳምንቱ አበባ አበላታለሁ። የልጄ ሠርግ ሳይመጣ ቀረ። በሌላ ሰው ሠርግ ግን አትበላም! አልኩ። ይሄው ነው። አሁን እሰሪኝ።»

«ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ሰው ታስሯል» አልኳት።

«ማን?»

«ጄርቬ። በላት ተብሎ። ዛሬ ማታ ወደ ማሄ ይወሰዳል።»

አሮጊቷ በርጩማውን ገፍታ ተነሳች። እንዲህ በፍጥነት ትነሳለች ብዬ አልጠበቅሁም። «የኡራኒን ልጅ? ቅዳሜ እኮ ነው ሠርጉ! ምን ዓይነት ፖሊስ ናችሁ እናንተ?»

«ወገብዎን ማታንት…»

«ወገቤን ተይው! ጫማዬን አቀብይኝ!»

ጫማዋን አቀበልኳት። ግን እውነቱን ሳልነግራት ከዚያ ልወጣ አልቻልኩም። ዝም ብዬ «ማንም አይነካትም» ብላት ደስ ብሏት ትመለስ ነበር፤ ዓርብ ዕለት ግን መርከቡን ታያለች። ስለ ቀዩ ቀለም ነገርኳት። ስለ ኢል ሻርሎት፣ ስለ መርከበኞቹ፣ ኤሊ አልባ ስለሆነው ደን። ፍሎሪዝ ከሄደች እንደማትመለስም። እየነገርኳት ራሴን ተጠራጠርኩ፤ አንድ ደሴት እንዲለመልም ብሎ ይህችን ሴት ብቻዋን ማስቀረት ምን ዓይነት ጥበቃ ነው? ካስፈለገ ለዶክተር ፓዬት ይህን ራሴ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ማታንት ኤርሚን አንድ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀና አለች።

«እዚያ ሰው አለ?»

«ጥቂት ጠባቂዎች ብቻ።»

«ድስት የያዘ?»

«አንድም የለም።»

«ወንዶችስ?»

«ጠባቂዎቹ?»

«ኤሊዎቹን ነው የምልሽ፣ ሞኝ!»

«አሉ። አምና ተልከዋል። ሴቶች ነው የሚጠብቁት።»

አሮጊቷ እጇን ፍሎሪዝ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ከንፈሯ እንደ ጸሎት ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ከዚያ «ነይ» አለቻት። «ተነሺ። አንድ ልጅ በአንቺ ምክንያት ታስሯል።»

* * *

የመልሱ መንገድ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀ። ቤንዋ የጓቫ ቅርንጫፍ ይዞ ከፊት፣ ማታንት ኤርሚን ከጎን፣ እኔ ከኋላ። ጣቢያው ስንደርስ መንደሩ በሙሉ ተከትሎን ነበር፤ የዶሚኖዎቹ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። ናዴዥ ቁልፉን ከእጄ ነጥቃ ሮጠች።

ጄርቬ ሲወጣ በመጀመሪያ ያየው ናዴዥን አልነበረም፤ እሷም አልተቀየመችውም። ፍሎሪዝ ፊት ተንበረከከና ግንባሩን ቅርፊቷ ላይ አሳረፈ። ቀና ሲል ማታንት ኤርሚን ከላዩ ቆማለች።

«ድስት አምጡ ብለሃል?»

«ማታንት፣ አፌ ይቆረጥ። ቀልድ ነበር።»

«ይቆረጥ የሚለው ቀልድ ነው ወይስ የምርህ?»

«የምሬን ነው።»

«ተነሳ» አለችው። እጁን ይዛ። «በእኔ የተነሳ ከግልገል ጋር አደርክ። ይቅር በለኝ።»

«እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው። ብቆጥር ኖሮ…» አንገቱን ደፋ፤ ድምፁን ግን ሁሉም ሰማው። «እሑድ አልቆጠርኩም።»

ፊሊቤር ጉሮሮውን ጠርጎ «እስከ ቅዳሜ ደግሞ አትቁጠር፤ እኛ እንቆጥርልሃለን» አለ። ሳቁ ያኔ መጣ፤ ጄርቬም አብሮ ሳቀ፣ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

ዶክተር ፓዬት ወደ ጎን ሳቡኝ። «ኢንስፔክተር፣ ይህ የጥበቃ ሕግ መተላለፍ ነው። ክስ መመሥረት አለበት።»

«ማንን ልክሰስ? ኤሊዋ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ተመለሰች።»

«እርስዎ የተማሩት ሕግ ለማስከበር ነው።»

«እርስዎስ ቀዩ ቀለም እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

ወደ ፍሎሪዝ ቀይ ጀርባ ዞረው አዩ። ከዚያ ወደ ማታንት ኤርሚን ሄደው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ፣ «ከፈለጉ ሌላ ኤሊ እንልካለን፤ እሷ ትቅርልዎት» አሏት። እኔ ልጠይቃቸው ያሰብኩትን ራሳቸው አሉት።

ማታንት ኤርሚን ዞር ብላ እንኳ አላየቻቸውም። «ማን ትቅር አለ?» አለች።

* * *

ዓርብ ጠዋት ሥራዬ አልቋል፤ ፕራላን መሆን ነበረብኝ። ግን ቆየሁ። ናዴዥ ለሠርጉ ስለጠራችኝ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ስትጠራኝም ረጋ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አልነበረም፤ እንደ ሰው ነው ያናገረችኝ።

መርከቡ ማዕበል ከሚሰብረው የባሕር ድንጋይ፣ ከሪፉ ውጭ ቆሟል። ሁለቱ ሴት ኤሊዎች በሸራ እየተያዙ ጀልባ ላይ ወጥተዋል። ፍሎሪዝ የመጨረሻዋ ናት። ማታንት ኤርሚን ከማለዳ ጀምራ በንጹሕ ውኃና በኮኮናት ዘይት ስታጥባት ነበር፤ ቅርፊቷ አብረቅርቋል። ሥራዋን ስትጨርስ ሸራው ተዘረጋ፣ ጄርቬና የናዴዥ ወንድሞች አራቱን ጫፍ ያዙ። «አንድ፣ ሁለት» አለ አንደኛው፤ ፈጥኖ ሊያነሳ ክንዱን አጠበቀ።

«ቀስ!» ብላ ጮኸች አሮጊቷ። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች፤ ቀሚሷ ተንሳፈፈ፣ አልሰበሰበችውም። «ቀስ በሉ እንጂ እናንተ! ሙሽራ ናት የያዛችሁት።»

አራቱም ጎረምሶች ቆሙ። ከዚያ ጄርቬ ቆቡን አወለቀ፣ ሌሎቹም እንደ እሱ አደረጉ፤ ቀስ ብለው አነሷት።